ቲቸር፣ ጌሙ መቼ ነው የሚጀምረው?

ክፍል ውስጥ በጨረፍታ አንስቼው ያለፍኩትን ነገር በደንብ እንድጽፈው የጠየቃችሁኝ ልጆች ነበራችሁ። ዛሬ ጊዜ አገኘሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ ተቀመጡ።

2000 ዓ.ም.ን አስታውሱ። እኛ ሚሊኒየም እናከብራለን፣ ከተማው በአምፖል አሸብርቋል፣ ቲሸርቱ፣ ባርኔጣው፣ ሁሉም ነገር 2000 ተጽፎበታል። የቀረው ዓለም የራሱን ሚሊኒየም አክብሮ ከረሳው ቆይቷል። ታዲያ በዚያችው በእኛ ዓመት፣ እኛ ሳንሰማ፣ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ሆነ። አንድ አሜሪካዊ፣ ቤልጂየም የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ እንግሊዝ አገር ያለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው፣ በየፊናቸው ምንም የማያሠሩ ጌሞች አወጡ። ጠላት የለም፣ ማሸነፍ የለም፣ ጥቂት ቁልፎች ብቻ። አንዳንዶቹ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዶቹ አሥር ደቂቃ ይፈጃሉ። አንድ ታሪክ ይነግሩሃል፣ በቃ።

የመጀመሪያው "ፓሴጅ" ይባላል። መተላለፊያ እንበለው። ጄሰን ሮረር የሚባል ሰው ነው የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ። ዕድሜው ወደ 30 እየተጠጋ ስለነበር ሞትን ማሰብ ጀምሮ ነበር (30 ዓመት! እኔ አሁን ምን ልበል?)። ጌሙ የሚታይበት ሰሌዳ ወርዱ 100 ፒክስል፣ ቁመቱ 16 ፒክስል ነው። ክር የምታክል ነገር ናት። አንድ ትንሽ ሰውዬ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ያገኛል። ከነካት አብራው ትሄዳለች፣ ለሁለት ግን ጠባብ መንገድ አያሳልፍም። አንዳንዱ ሣጥን ለብቻህ ብቻ የሚደረስ ነው። አብራችሁ ስትራመዱ ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። ጊዜው ሲገፋ ጸጉራቸው ይሸብታል፣ ሰውነታቸው ይጎብጣል። እሷ ቀድማ ትሞታለች። ያኔ ሰውየው እርምጃው ይከብደዋል፣ ከመቃብሯ አጠገብ እየተንፏቀቀ ይቀጥላል፣ ከዚያ እሱም ይሞታል። ነጥቡ እዚያው ጥግ ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። ለማን?

አምስት ደቂቃ ነው ይኼ ሁሉ። ስንት ነጥብ ብትሰበስብ፣ ወደ ላይ ብትሄድ ወደ ታች ብትሄድ፣ በአምስተኛው ደቂቃ ያው ነህ።

ሁለተኛው ግን ነው እኔን የያዘኝ። "ዘ ግሬቭያርድ"፣ መካነ መቃብሩ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2008 ላይ ወጣ። ሠሪዎቹ ኦሪያ ሃርቪ እና ሚካኤል ሳሚን ናቸው፣ "ቴል ኦፍ ቴልስ" በሚል ስም ጌንት ከተማ ይሠሩ ነበር። ነገሩ ጥቁርና ነጭ ነው። አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው መቃብር ቦታ በር ላይ ቆመዋል። (አዎ፣ "ይዘው" ነው ያልኩት። ኪቦርድ ላይ ሆኜም አንቺ ማለት አቃተኝ።) ቁልፉን ስትጫን ቀስ እያሉ፣ እያነከሱ፣ በመቃብሮቹ መሀል ባለው መንገድ ይራመዳሉ። ጫፍ ላይ ትንሽ ጸሎት ቤት አለ፣ ፊቱ አግዳሚ ወንበር። ይቀመጣሉ። በፍላሚሽ ቋንቋ ዘፈን ይጀምራል፣ ፊታቸው ቀረብ ብሎ ይታያል። ዘፈኑ ሲያልቅም፣ ከዚያ በፊትም፣ ደስ ባለህ ሰዓት አስነስተህ ወደ በሩ ትመልሳቸዋለህ። አለቀ።

አሁን የሚገርመውን ስሙ። ጌሙ ሁለት ዓይነት ነበር፣ ነጻው እና የሚከፈልበት። በመሀላቸው ያለው ልዩነት አንድ ብቻ ነው። አምስት ዶላር የከፈለ ሰው ጋ አሮጊቷ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ሊሞቱ ይችላሉ። ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ነጻውን የወሰደ ሰው ጋ አይሞቱም።

ፈረንጆቹ በዚህ ብዙ ተሟገቱ፣ ቀልድ ነው ያለም ነበር። እኔ ሳነበው ቀጥታ የመጣብኝ እድራችን ነው። ወር በገባ ቁጥር ለሞት የምንከፍል ሕዝብ ነን እኮ! ያልከፈለ ሰው አይሞትም ማለት አይደለም፣ ሞቱ ግን ድንኳንም ወንበርም አይኖረውም። አምስት ዶላር በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 50 ብር አይሞላም። ለእድር ዳኛ ብትነግሩት ሂሳቡ ወዲያው ይገባው ነበር።

ዊንጌት የሚኖር ሰው ደግሞ መቃብር ለማየት ጌም አያስፈልገውም። የጴጥሮስ ወጳውሎስ መካነ መቃብር ጉለሌ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱት የብሪታንያና የጓዶቿ ወታደሮች የተከለለው መቃብርም ጉለሌ ነው። ሰፈሩ ራሱ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው ትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከዚያው ጦርነት ጄኔራል። ሰውየው ግን እዚህ የለም። እ.ኤ.አ. በ1944 ህንድ ውስጥ አውሮፕላን ተከስክሶ ሞተ፣ አብረውት የወደቁት አብራሪዎች አሜሪካውያን ስለነበሩ የሁሉም አጽም አንድ ላይ አሜሪካ፣ አርሊንግተን ነው ያረፈው። ይኼን የነገርኳቸው የዊንጌት ልጆች ሁሉ ደንግጠው አይተውኛል። ለማንኛውም፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ምርኩዝ ይዘው፣ ብቻቸውን ወደ መቃብር የሚሄዱ እናት እዚያ ሰፈር ብርቅ አይደሉም። ታክሲ ውስጥ ቦታ ለቃችሁላቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህንን ጌም ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር አሳየሁ። አንዱን ልጅ ኪቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው ይራመዳሉ፣ እሱ ቁልፉን ተጭኖ ይጠብቃል። አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ ጌሙ መቼ ነው የሚጀምረው?" አለ፣ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ፣ ጥያቄው እውነት ነበር እኮ።

ከዚያ ወንበሩ ጋ ደረሱና ተቀመጡ። ዘፈኑ ጀመረ፣ አለቀ። ጸጥ። ልጁ ሊያስነሳቸው እጁን ወደ ቁልፉ ሲሰድ ከፊት ወንበር አንዲት ተማሪ "ኧረ ተው፣ ትንሽ ይረፉ!" አለችው። እሱ ክፍለ ጊዜው እያለቀ ነው አለ። ሌላው "ብርድ ነው፣ ቤታቸው ይግቡ እንጂ" አለ። ተከራከሩ ልበላችሁ። ምስል የሆኑ አሮጊት ይነሱ ወይስ ይቀመጡ ብለው አሥራ ምናምን ልጆች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተከራከሩ። ጌሙ የጀመረው ያኔ ነው። ያ ልጅ በሕይወቱ ስንት ሺህ ጊዜ ቁልፍ ተጭኗል፣ ስንት ጎል አግብቷል፣ ስንት ሰው ተኩሶ ጥሏል፤ አንዷን ቁልፍ ለመጫን እጁ ሲፈራ ግን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ጌም አይደለም፣ ምንም አያሠራም ለሚለው ሰው እኔ የምመልሰው በለቅሶ ነው። ለቅሶ ስትደርስ ምን ትሠራለህ? ትገባለህ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" ትላለህ፣ ትቀመጣለህ። ንፍሮ ይመጣል፣ ትቆነጥራለህ። ከዚያ ትነሳለህ። መቼ መነሳት እንዳለብህ ማንም አይነግርህም፣ ቶሎ ከተነሳህ ግን ሁሉም ያውቃል። የሄድክ ጊዜ ምንም አልሠራህም። የቀረህ ጊዜ ግን ለዓመታት ይነሳብሃል። ማድረግ የሚቻለው ጥቂት ሲሆን ያቺ ጥቂት ነገር ትከብዳለች። ሃርቪ እና ሳሚን ይኼን ነው በአሥር ደቂቃ ያስቀመጡት። (ማታ ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱትንስ ካላችሁኝ፣ እነሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋሉ።)

ሁሉም እንዲህ ከባድ ነው ማለት አይደለም። በዚያው በ2008 እ.ኤ.አ. ኪያን ባሺሪ የሚባል የስዊድን ልጅ "ገመዱን ማቃጠል አለብህ" የሚል ትርጉም ያለው ጌም አወጣ። ትገባለህ፣ ገመዱን ታቃጥላለህ፣ ግዙፉ ጭራቅ ይሞታል፣ አንድ ደቂቃ አይሞላም። ከዚያ ጀግንነትህን የሚያወድስ ዘፈን ይለቀቅልሃል፣ ዘፈኑ ከጌሙ ይረዝማል። በሚቀጥለው ዓመት ፊንላንዳዊው ፔትሪ ፑርሆ አንድ ሌላ ጉድ አመጣ። ጌሙን ትከፍታለህ፣ 4 ደቂቃ ከ33 ሰከንድ ትጠብቃለህ። በዚያ ጊዜ ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ማንም ሰው ካልከፈተው አሸነፍክ። ሌላ ሰው ከከፈተ ወጣህ። አለቀ። እኔ መጀመሪያ ያሰብኩት ኔትወርክ ስንት ጊዜ ጥሎን ሲሄድ ብቻችንን ስለቀረን ስንት ጊዜ አሸናፊ ነበርን የሚለውን ነው። ችግሩ ጌሙ ራሱ ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ፓኦሎ ፔደርቺኒ የሚባለው ጣሊያናዊ ደግሞ በ2009 መጨረሻ "በየቀኑ ያው ሕልም" የሚል ሠራ። በስድስት ቀን ነው የጨረሰው። ፊት የሌለው የቢሮ ሠራተኛ ይነሳል፣ ይለብሳል፣ ይነዳል፣ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። ነገም ያው። ጌሙ የሚያሳልፍህ ከመስመሩ ትንሽ ስትወጣ ነው። ሳይለብስ ቢወጣ፣ አንዲት የምትረግፍ ቅጠል ቢይዝ። ወደ መቃብር ቦታ የሚወስደው የጎዳና ሰውም አለ (ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሁሉም መጨረሻው መቃብር ነው)። አንዱ መውጫ ደግሞ መኪናውን መንገድ ላይ አቁሞ ላም መዳበስ ነው። ይኼንን ሳሳይ ተማሪዎቼ በጣም ሳቁ። አዲስ አበባ ላይ ለላም መኪና ማቆም ከመስመር መውጣት ሳይሆን መስመሩ ራሱ ነው። አንድ ጌም ከውጭ ወደ ዊንጌት ሲመጣ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጎድልበታል። እኛ ብንሠራው መውጫው ምን ይሆን ነበር? እስካሁን የማስበው ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ጸቡ እንምጣ፣ ጸብ ነበርና። ዳን ፒንችቤክ ያኔ የፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበር። በ2008 "ዲር ኤስተር"ን ያወጣው ለምርምር ነው፣ ጥያቄው ከተኩስ ጌም ላይ ተኩሱን ብናነሳ ምን ይቀራል የሚል ነበር። የቀረው ደሴት፣ መራመድ እና ደብዳቤ የሚያነብ ድምፅ ነው። ተጫዋቾች እንዲህ ያለውን ነገር "የእግር ጉዞ ማስመሰያ" ብለው ስም አወጡለት፣ ስድብ ነው። ሮጀር ኢበርት የሚባለው ስመ ጥር የፊልም ሐያሲ በ2010 ጌም መቼም ቢሆን ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ፣ ያ ሌላ እሳት ለኮሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ያለው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለመጀመሪያ ጊዜ 14 ጌሞችን ስብስቡ ውስጥ ሲያስገባ፣ ከቴትሪስና ከፓክማን ጎን ያቺ 16 ፒክስል ቁመት ያላት "ፓሴጅ" ነበረች።

ሙዚየም ግን አያበላም። "ዲር ኤስተር" በ2012 ተሻሽሎ ለሽያጭ ሲወጣ ወጪውን በሰዓታት ውስጥ መለሰ፣ ሁሉም ዘመኑ መጣ አለ። ሃርቪና ሳሚን ደግሞ በ2015 "ሰንሴት" የሚል ትልቅ ሥራ አወጡ። በመጀመሪያው ወር የተሸጠው 4,000 ቅጂ አለፍ ቢል ነው፣ ያውም አስቀድመው ገንዘብ ላዋጡት ሰዎች የሚሰጠው ተጨምሮ። ለገበያ ጌም መሥራት አቆምን ብለው ዘጉ። ልጃቸውን በካንሰር ያጡ ሌሎች ባልና ሚስት ስለ ልጃቸው ጌም ሠርተው በ2016 ሲያወጡ የገጠማቸው ደግሞ ሌላ ነው። ሰዉ ሌላው ሲጫወተው በዩቲዩብ እያየ አልቅሶ ጨርሶ አይገዛም። የምትሠራው ጥቂት ከሆነ ማየትና መጫወት ምን ለያቸው? ለዚህ ጥያቄ ያ "ተው ይረፉ" የተባለው ልጅ መልስ አለው፣ ገበያው ግን እሱን አልጠየቀውም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን ዊንጌት ላይ ምን ነበር? ጌም ቤት ነበር። ጨለም ያለ ክፍል፣ ሦስት አራት ቴሌቪዥን፣ ፕሌይስቴሽን፣ መያዣው የተላጠ ጆይስቲክ። ከዚያ በፊት እዚያው ደጃፍ ላይ ጆተኒ ነበር። ሕጉ ከጆተኒ የተወረሰ ነው፤ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፣ የሚከፍለው ተሸናፊ ነው፣ አሸናፊው ይቀጥላል፣ ከኋላ የቆሙት ተራ ይጠብቃሉ። በዚህ ሕግ ምን ዓይነት ጌም ይኖራል? እግር ኳስ። ሌላ ምን ይኖራል? ተሸናፊ የሌለው ጌም ከፋይ የለውም። አሮጊቷ ተቀምጠው ሲያርፉ ስድስት ልጅ ከጀርባ ቆሞ "ፍጠን እንጂ!" ይላል። የጌም ቤቱ ባለቤት ይፈርዳል? አይፈረድበትም፣ ኪራይ አለበት። የእኛ ልጆች ጌም ማለት ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ ነው ብለው ያደጉት ጣዕም ስለጎደላቸው አይመስለኝም፣ የሂሳቡ አሠራር ነው።

ግን እቤት ሌላ ነገር ነበር። "ተረት ተረት" ሲባል "የላም በረት" ብለህ ካልመለስክ ተራኪው አይቀጥልም። አንድ ቁልፍ ናት። ታሪኩን አትቀይርም፣ ካልተጫንካት ግን ታሪኩ የለም። እንቆቅልህ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። "እንቆቅልህ"፣ "ምን አውቅልህ"፣ ጥያቄው ይመጣል፣ አላወቅህም። "አገር ስጠኝ" ትባላለህ። ያኔ ምርጫ አለህ፣ ጎንደርን ትሰጣለህ፣ ሐረርን ትሰጣለህ፣ ጅማን ትሰጣለህ። መልሱን የሚቀይረው የለም፣ ምንም ብትሰጥ የጠያቂው መልስ ያው ነው። ሆኖም ልጅ ሆነን አገሩን ስንመርጥ እንዴት ነበር የምንጨነቀው! የእናቱን አገር ላለመስጠት የሚያለቅስ ልጅ አይቻለሁ። እነ ሮረር በኮምፒውተር የደረሱበት፣ ውጤቱን የማይለውጥ ግን አንጀት የሚበላ ምርጫ፣ እዚያ መደብ ላይ ነበር።

ለዚህ ነው "ጌም መሥራት እፈልጋለሁ ግን ኮምፒውተሬ አይችልም፣ ቡድን የለኝም" የሚለውን ሁሉ ዝም ብዬ የማልሰማው። ቅኔ ጌምስ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቷል፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን "ኩኩሉ"ንም ሠርቷል። ደስ ይለኛል፣ እጃቸው ይባረክ። ሩጫውም ገበጣውም ግን የማሸነፍ ወገን ናቸው። ሌላው ወገን ባዶ ነው፣ ባዶ የሆነው ደግሞ ርካሹ ወገን ነው። "ትዋይን" የሚባል መሣሪያ አለ፣ ክሪስ ክላይመስ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ነጻ ነው። ጽሑፍ ትጽፋለህ፣ አንዳንድ ቃላት ላይ መጫኛ ታደርጋለህ፣ ያኛው ገጽ ይከፈታል። ውጤቱ ተራ ድረ ገጽ ስለሆነ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል፣ ፊደላችንም ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ በአማርኛ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። የሚወጣው ፋይል ስልካችሁ ከሚያነሳው አንድ ፎቶ ያንሳል። ላፕቶፕ የሌለው ሰው የጓደኛውን ለአንድ ቅዳሜ ይዋስ።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ባለፈው አንድ ጀምራ አሳየችኝ። ለቅሶ ቤት ነው። ሦስት መጫኛ ብቻ አለው፤ መግባት፣ መቀመጥ፣ መነሳት። ሁለቱን ጽፋቸዋለች። "መነሳት" የሚለውን የት ላስቀምጠው ብላ ተቸግራለች፣ ከመጀመሪያው ይታይ ወይስ ቆይቶ ይምጣ? እኔ ከመጀመሪያው ይታይ ባይ ነኝ፣ በሩ ሁልጊዜ ይታያልና። እሷ አልተስማማችም። ገና እየተነጋገርን ነው።

የእናንተንም በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ አነባለሁ። እሁድ ብቻ የእድር ስብሰባ አለብኝ።